ሳይቃጠል በቅጠል

ብዙ ሰዎች የሕዝብ እልቂት እንደ መብረቅ በድንገት የሚወርድ ይመስላቸዋል። ነገሩን መርምረው የጻፉ ሊቃውንት የሚያስረዱን ግን እልቂት አስቀድሞ ምልክት ያለው መኾኑን ነው፤ ይኸውም ሰውን በዘሩ ለይቶ መመዝገብ፥ አንዱን ወገን ከሰው በታች አድርጎ የሚሰድብ ወሬ መንዛት፥ ለጐረምሶች መሣሪያ ማደል፥ ትንሹንም ግድያ ሳይቀጡ ማለፍ ነው። እንግዲህ ምልክቱን በጊዜው ማወቅ ከተቻለ፥ የሚቀረው ጥያቄ በታወቀው ነገር ምን ተሠራበት የሚል ነው። ለዚህም የሩዋንዳ ነገር በቂ ምስክር ይኾናል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የላካቸው መርማሪ ሴኔጋላዊው ባክሬ ዋሊ ንዲያዬ በነሐሴ ወር 1985 ዓ.ም. በወጣው ጽሑፋቸው፥ ቱትሲዎች በዘራቸው ምክንያት ብቻ የሚገደሉ መኾናቸውንና ነገሩ ዘር ማጥፋትን የሚከለክለውን ውል ሊነካ እንደሚችል አስታወቁ። ጥር 3 ቀን 1986 ዓ.ም. ደግሞ የሰላም አስከባሪው ጦር አዛዥ ካናዳዊው ጄኔራል ሮሜዮ ዳሌር፥ በኪጋሊ ያሉት ቱትሲዎች እየተመዘገቡ መኾናቸውንና መሣሪያ መከማቸቱን ከአንድ የውስጥ ዐዋቂ ሰምተው ወደ ኒው ዮርክ ቴሌግራም አደረጉ፤ መሣሪያውንም ለመያዝ ማሰባቸውን ገለጹ። የመጣላቸው መልስ ግን ይህን እንዳያደርጉ የሚከለክል ነበር። ከመጋቢት 28 ቀን ማታ ዠምሮ እልቂቱ ተነሣ፤ በመቶ ቀን ያህል ውስጥ 800,000 የሚያህል ሰው አለቀ። በንታራማና በንያማታ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ተጠግቶ ሳለ በዚያው ተገደለ። ግድያው በበረታበት ሰዓት፥ ሚያዝያ 13 ቀን፥ የጸጥታው ምክር ቤት ጦሩ ወደ 270 ሰው እንዲቀነስ ወሰነ።

በ1992 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያቆማቸው መርማሪዎች፥ ጉድለቱ የዐቅምና የፈቃድ ማጣት መኾኑን መሰከሩ፤ በዚያው ዓመት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የሰየማቸው ታላላቅ ሰዎችም እልቂቱ ሊገታ ይቻል እንደ ነበር ጻፉ።

ነቢዩ ሕዝቅኤል ስለ ጕበኛ ሲናገር፥ መለከት ሰምቶ ያልተጠነቀቀ ሰው ደሙ በራሱ ላይ እንደሚኾን አስተምሯል። በሩዋንዳ የኾነው ግን ከዚህ የከፋ ነው፤ መለከቱን የሰሙት ሌሎች፥ የሞቱት ሌሎች ነበሩና።

አገራችን ኢትዮጵያ ዘር ማጥፋትን ስለ መከላከልና ስለ መቅጣት ኅዳር 30 ቀን 1941 ዓ.ም. የተቆረጠውን ውል፥ በዚያው ዓመት ሰኔ 24 ቀን ከመንግሥታት ኹሉ አስቀድማ አጽድቃለች። በውሉ ስም መከላከል ከመቅጣት ቀድሞ መጻፉን ልብ ማለት ይገባል። በ1994 ዓ.ም. በተፈረመ ስምምነት መሠረት ኢጋድ ያቋቋመው የግጭት ማስጠንቀቂያ መሥሪያ ቤትም መቀመጫው በአዲስ አበባ ነው፤ ሥራውንም የዠመረው በጠረፍ አርብቶ አደሮች መካከል የሚነሣውን የከብት ዘረፋና ግጭት እየመዘገበ ነው። ስለዚህ ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ማስጠንቀቂያ ኹሉ እውነት አይኾንም፤ በጥላቻና በፍርሃት የተቀነባበረ ወሬም ይመጣል የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ ምርመራም ያስፈለገው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ወሬው ሐሰት ሊኾን ይችላል ብሎ ወረቀቱን በመሳቢያ ቈልፎ ማስቀመጥ ምርመራ አይባልም። መርምሮ ሐሰት ከኾነ ሐሰት ነው፥ እውነት ከኾነም ይህ ይደረግ ብሎ መቍረጥ የሹም ግዴታ ነው።

ስለዚህ የወረዳ ሹም የሚጽፈው ነገር ወደ ላይ ሲሄድ አለቃን እንዳያስቈጣ እየተባለ አይከርከም፤ የተቀበለውም መሥሪያ ቤት በተወሰነ ቀን መልሱን ከወሳኙ ስም ጋራ በጽሑፍ ይስጥ። የንስሐ አባቶችም የኑዛዜን ምስጢር ጠብቀው፥ በአደባባይና በማኅበር የሚሰሙትን የጥላቻ ቃል በጊዜው ይገሥጹ፤ የሕዝብን ልብ ከሹም አስቀድሞ የሚያውቅ ካህን ነውና። ቅጠል የሚበቃው እሳቱ ትንሽ ሳለ ነው፤ ቤቱ ከነደደ በኋላ የሚመጣ ሰው የሚያገኘው ዐመድ ብቻ ነው።