ለጀማሪ ካሜራ የትኛው የሌንስ ማጣሪያ ይቅደም? የአሊዩ አምባ የመስክ ሥራ እንደ ማሳያ

አሊዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙባት የይፋት ገበያ ነበረች። የከተማዋን ቅርስ በጀማሪ ዲጂታል ካሜራ ለመሰነድ የሚነሣ ተመራማሪ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚገዛው የአልትራቫዮሌት ማጣሪያ ነው። ይህ ልማድ ሊጤን ይገባል። በዲጂታል ካሜራ ሴንሰር ፊት ያለው ሽፋን አብዛኛውን አልትራቫዮሌት ስለሚገታ፣ ማጣሪያው ሌንሱን ከአቧራና ከጭረት ከመጠበቅ ያለፈ ጥቅም እምብዛም የለውም።

ቅድሚያ የሚገባው ሰርኩላር ፖላራይዘር ነው። በመስታወት የተከለለ ሰነድን ነጸብራቅ ይቀንሳል፤ ፀሐይን በጎን አድርገው ከአንኮበር አፋፍ ቁልቁል ሲያነሡም የቆላውን ጭጋግ ያሳሳል። በነጸብራቅ የተሸፈነን ጽሑፍ ከፎቶግራፉ ላይ በኮምፒውተር መመለስ ግን አይቻልም። እርግጥ ፖላራይዘር የሚገባውን ብርሃን በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚቀንስ፣ በጨለማ ቤት ውስጥ የካሜራ ማቆሚያ ያሻል።

ስለዚህ ገዢው በሌንሱ ፊት የተጻፈውን ስፋት፣ ለምሳሌ 58 ሚሊ ሜትር፣ አስቀድሞ ያረጋግጥ። ፖላራይዘር የሰማይንና የቅጠልን ቀለም ስለሚያደምቅም አጠቃቀሙ ከፎቶግራፉ ጋር ይመዝገብ፤ ያልተመዘገበ ማጣሪያ ቀጣዩን አጥኚ ያሳስታልና።