ውኃው ሞልቷል፤ መብራቱስ?

የመርካቶ ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች፣ በየተራውና በየበረንዳው ለዕለት እንጀራ ስትሮጡ የምትውሉ ወጣቶች፣ ከመሳለሚያ እስከ ሰባተኛ፣ ከአማኑኤል እስከ አውቶቡስ ተራ የምትኖሩ እናቶችና አባቶች!

ፓርቲያችን በመሬት፣ በሰላም፣ በፍትሕና በኑሮ ውድነት ላይ ያለውን አቋም በሌሎቹ የማኒፌስቶ ክፍሎች አስፍሯል። ይህ ክፍል የሚናገረው ስለ መብራት ብቻ ነው። መብራት ለብቻው ለምን ተነሣ የሚል ቢኖር መልሳችን አጭር ነው፤ በመርካቶ መብራት ማለት ሥራ ማለት ነው።

ምናለሽ ተራ የሚበይደውን ወጣት ጠይቁት። የብየዳ ማሽኑ ያለ ኤሌክትሪክ ምንም የማይፈይድ ብረት ነው። በተከራየችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ኦቨርሎክ ደርድራ ዩኒፎርም የምትሰፋዋን እህታችንን ጠይቋት። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው መብራት ሲሄድባት አብሮ የሚሄደው ደንበኛዋ ነው። እህል በረንዳ አካባቢ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ማዳበሪያዋን አስደግፋ ሦስት ሰዓት ሙሉ የምትጠብቀዋን እናት ጠይቋት። ጀነሬተር ያለው ነዳጅ ገዝቶ ያስነሣል፤ የነዳጁንም ዋጋ ዕቃው ላይ ይጨምራል፤ ዞሮ ዞሮ ከፋዩ ሸማቹ ነው። ጀነሬተር የሌለው ሻማ አብርቶ ይቀመጣል። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ኃይሉ ጨምሮ ይመጣና ፍሪጅ ወይም ሞተር አቃጥሎ ይሄዳል። የተቃጠለበት ሰው ካሳ የሚጠይቀው ማንን ነው? የትኛው መስኮት ላይ ተሰልፎ?

የሱቅ ኪራይ መብራት በጠፋበት ቀንም ይቆጠራል። ግብርም እንደዚያው። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ወጥቶ ነጋዴው ምን ያህል እንደተማረረ ታስታውሳላችሁ። ገማቾቹ በየሱቁ ሲዞሩ “በወር ስንት ቀን መብራት ይጠፋብሃል?” ብለው የጠየቁት ነጋዴ ካለ እጁን ያውጣ!

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ላይ የደረሰውን የእሳት አደጋ ለምርጫ ክርክር መጠቀሚያ ልናደርገው አንፈልግም፤ የብዙ ቤተሰብ ሀብት የወደመበት ነውና። መንስኤውንም እኛ እዚህ አንወስንም። ነገር ግን ከዚያ ቀን በፊትም ሆነ በኋላ በመርካቶ ጠባብ መተላለፊያዎች እንደ ሸረሪት ድር የተወሳሰበውን ሽቦ ቀና ብሎ ያየ ሰው፣ የመብራት ጉዳይ የምቾት ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። መንግሥት ቁጥር ይወዳልና በሚወደው እንነጋገር።

ይህች ከተማ ከውኃ መብራት ያገኘችው ገና ድሮ ነው። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ጣቢያ 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር። በ1952 ዓ.ም. አዋሽ ላይ ቆቃ በ43 ሜጋ ዋት ተከተለ። ከዚያ ፊንጫ፣ መልካ ዋከና፣ ግልገል ጊቤ መጡ። የአገራችን ወንዞች 45,000 ሜጋ ዋት ያህል ሊያመነጩ እንደሚችሉ የማይነግረን ባለሥልጣን ግን በየትኛውም ዘመን አልነበረም። አባቶቻችን ለዚህ ዓይነቱ ሀብት የሚሉት አላቸው፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ላሚቱ ግን ከሰማይ ወርዳለች። ይህን መካድ እውነትን መካድ ነው፤ እኛም አንክድም። ተከዜ በ300፣ ግልገል ጊቤ 2 በ420፣ ጣና በለስ በ460 ሜጋ ዋት በ2002 ዓ.ም. ተመረቁ። ጊቤ 3 በ1,870 ሜጋ ዋት በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት ይዞ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። እነዚህ አምስቱ ብቻ ሲደመሩ 8,200 ሜጋ ዋት ናቸው፤ ከአባ ሳሙኤል ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ እጥፍ በላይ!

ታዲያ ሻማ የሚሸጠው ሰው ገበያ ለምን አልቀዘቀዘም?

የሕዳሴው ግድብ የማንም ገዢ ፓርቲ የግል ንብረት አይደለም። ከወር ደመወዙ የተቆረጠበት ሠራተኛ፣ ቦንድ የገዛ የመርካቶ ነጋዴ፣ በ8100 አጭር መልእክት የላከ ተማሪ፣ ከእርሻው የሰጠ ገበሬ፣ በባዕድ አገር ሌት ተቀን ሠርቶ የላከ ወገን የሠራው ነው። የግድቡ ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ መኪናቸው ውስጥ ሞተው ሲገኙ ሕዝቡ ያለቀሰው እንደ ቤተሰቡ ስላያቸው ነው። ስለዚህ መንግሥት ግድቡን ስንጠይቅ “ጠላት” እያለ አይፈርጀን። ባለቤት ስለ ንብረቱ ይጠይቃል። የግድቡን የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ ልምድ ለሌለው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሰጥቶ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ውሉን የቀማው መንግሥት ነው፤ በዚያ መሐል ላለፉት ዓመታት የከፈልነው እኛ ነን።

ችኮላውንም እናውቀዋለን። ግልገል ጊቤ 2 ያለ ጨረታ ለኮንትራክተር ተሰጥቶ፣ በጥር 2002 ዓ.ም. በሆታ ተመርቆ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ እንደሠራ 26 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የውኃ ዋሻው ተደርምሶ ለወራት ቆመ። ጣና በለስ የተመረቀው በግንቦት 2002 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር ምን እንደነበረ ታስታውሳላችሁ፤ ምርጫ ነበር። ሪባን የሚቆረጥበትን ቀን የሚወስነው መሐንዲሱ ሳይሆን የካድሬው የቀን መቁጠሪያ ሲሆን እንዲህ ይሆናል።

ፈረቃውንም አልረሳነውም። በ1995 ዓ.ም. ፈረቃ ነበር። በ2001 ዓ.ም. በአንድ ቀን ዕረፍት እየጠፋ ፋብሪካዎች ቆሙ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3 ውኃ ቀነሰ ተብሎ አገሩ በሙሉ እንደገና ፈረቃ ገባ። ሦስቱም ጊዜ የተሰጠን ምክንያት አንድ ነው፤ ዝናብ አልዘነበም። ከኤሌክትሪካችን ከመቶው ከ90 በላይ ከውኃ እንዲመጣ አድርጎ ያቀደው ግን ሰማይ አይደለም። ነፋሱ በአሸጎዳና በአዳማ ታይቷል፤ የከርሰ ምድር እንፋሎቱ በአሉቶ ላንጋኖ ከተሞከረ ከሃያ ዓመታት በላይ ሆኖታል፤ ፀሐዩን መቼም ማንም ሊደብቀው አይችልም። እነዚህ ሁሉ በዓመት አንዴ ለሪፖርት ይነሣሉ፣ ከዚያ ይረሳሉ።

ዛሬ ግን የዝናብ ምክንያትም አልቋል። ውኃው ሞልቷል። እና መብራቱ አሁንም ይሄዳል። ለምን?

ኤሌክትሪክ ከጉባ እስከ መርካቶ ሲመጣ በሦስት እጅ ያልፋል። መጀመሪያ ተርባይኑ ያመነጨዋል። ቀጥሎ በትላልቅ የብረት ማማዎች ላይ በከፍተኛ ኃይል መስመር ተሸክሞ ከተማው ዳር ካለ ማከፋፈያ ጣቢያ ያደርሰዋል። በመጨረሻ ከጣቢያው ወጥቶ በምሰሶና በትራንስፎርመር በኩል ሱቃችሁና ቤታችሁ ይገባል። መንግሥት ሪባን የሚቆርጠው የመጀመሪያው ላይ ነው፤ መርካቶ የሚቸገረው በመጨረሻው ላይ ነው። ለዘመመ ምሰሶ ምርቃት የለም። ከአቅሙ በላይ ለተጫነ ትራንስፎርመር ቴሌቪዥን ካሜራ አይመጣም። በአንድ ወቅት ለጥቂት ቆርቆሮ ሱቆች የተተከለ መስመር ዛሬ ከላዩ የተሠሩትን ፎቆች አሳንሰር፣ ማሽንና ማቀዝቀዣ እንዲሸከም ተፈርዶበታል። ከሚመነጨው ኃይል አንድ አምስተኛ ገደማ በመስመር ላይ እንደሚባክን ባለሙያዎች ለዓመታት ሲናገሩ ኖረዋል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ተረት ለወንዙ ነበር የሚነገረው፤ አሁን ለሽቦው ሆኗል።

በኮሪደር ልማቱ በተነኩት ጎዳናዎች ሽቦው መሬት ውስጥ ገብቷል፤ የመንገድ ዳር መብራቱም ያምራል። ለዓይን ጥሩ ነው። ከጎዳናው ሃምሳ እርምጃ ገብታችሁ ግን የቆየውን ሽቦ ታገኙታላችሁ።

በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው የኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ያመነጫል፣ ያስተላልፋል፤ ሌላው ያከፋፍላል፣ ከደንበኛ ይሰበስባል። ሐሳቡ ተጠያቂነት እንዲለይ ነበር። ለደንበኛው የተረፈው ግን የሁለት ቢሮ ምልልስ ነው፤ ይህኛው ጥፋቱ የዚያኛው ነው ይላል፣ ያኛውም ወደዚህኛው ይመልሳል።

ስለ ሽያጩም እንናገር። ለጅቡቲ፣ ለሱዳን፣ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለኬንያ ኃይል ይሸጣል። ጎረቤትን ማብራት እንደግፋለን፤ የውጭ ምንዛሪም ያስፈልገናል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ቢትኮይን የሚባለውን የዲጂታል ገንዘብ የሚያመርቱ ከሃያ በላይ ኩባንያዎች ኃይል ለመግዛት ውል መያዛቸው ተዘገበ። እነዚህ ኩባንያዎች ኮምፒውተሮቻቸውን በማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ ደርድረው በዶላር ይከፍላሉ። መንግሥት ሲጠየቅ “ትርፍ ኃይል ነው፣ ሥራ ፈትቶ ከሚቀር ይሸጥ” ብሎ መለሰ። ይህ መልስ ከእኛ ክስ ይልቅ ራሱን መንግሥትን ይከሳል። ኃይሉ የተረፈው መርካቶ ስለጠገበች ነውን? የተረፈው ከጣቢያው ወደ መርካቶ የሚያደርሰው ሽቦ ስላልተሠራ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የማይጠፋ ኮምፒውተርና ከሰዓት በኋላ የቆመ የልብስ ስፌት መኪና በአንድ አገር፣ በአንድ ግድብ ሥር! በኋላ ለአዲስ ኩባንያ ፈቃድ መስጠት ቆሟል ተባለ። የተሰበሰበው ዶላር ስንት ትራንስፎርመር እንደገዛ ግን የነገረን የለም።

ታሪፉ በዚህ መሐል ቆሞ አልጠበቀንም። ከታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ ጨመረ፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ደግሞ በየሦስት ወሩ እየጨመረ አራት ዓመት የሚዘልቅ ሌላ ታሪፍ መጣ። ፓርቲያችን መብራት በነጻ እሰጣችኋለሁ ብሎ አይዋሽም። በርካሽ እየተሸጠ መስመር ሊታደስ እንደማይችል እናውቃለን። ሆኖም ነጋዴ ዋጋ ሲጨምር ዕቃው የተሻለ መሆኑን ማሳየት አለበት፤ አለዚያ ደንበኛው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል። በመብራት ግን ጎረቤት ሱቅ የለም። ስለዚህ ዋጋ የሚጨምረውን አካል የሚጠይቅ ሌላ ኃይል ያስፈልጋል።

በኅዳር 2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኤሌክትሪክ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ መብራት ለሁሉም ዜጋ እንደሚደርስ ቃል ገብቶ ነበር። ዓመቱ አለፈ። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና በኩራዝና በማገዶ ነው። የደረሰን እኛ የከተማ ሰዎች ደግሞ የያዝነው ምን ዓይነት መብራት እንደሆነ ከላይ ተናግረናል።

እኛ ብንመረጥ በአንድ ሌሊት አንለውጠውም። የከተማ ማሰራጫ መስመርን ማደስ ገንዘብና ዓመታት ይፈልጋል፤ ይህን የሚደብቅ እጩ አታምኑ። የምንጀምርበትን ግን እንናገራለን። ከውጭ ሽያጭና ከዲጂታል ገንዘብ አምራቾች ከሚገኘው ምንዛሪ የተወሰነው ድርሻ በሕግ ተለይቶ ለከተሞች ሽቦ፣ ምሰሶና ትራንስፎርመር ብቻ እንዲውል አዋጅ እናቀርባለን። ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ለአስፈጻሚው መሆኑ ቀርቶ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲጠራ እናደርጋለን፤ ታሪፍ ለመጨመር የሚመጣ ድርጅት በየመስመሩ ስንት ሰዓት እንዳጠፋ በይፋ ሳያቀርብ ጥያቄው አይታይለትም። ያለ ማስጠንቀቂያ ለረጅም ሰዓት የጠፋበት ደንበኛ ከቀጣዩ ሒሳቡ ተቀናሽ ያገኛል፤ በኃይል መጨመር ዕቃ የተቃጠለበትም ካሳ ይከፈለዋል። የግብር ግምትም መብራት የጠፋበትን ቀን ይቆጥራል። ይህ የመጨረሻው ለገንዘብ ሚኒስቴር ሰዎች እንደማይጥም እናውቃለን፤ ይልመዱት።

እጩዎቻችን በሚመጡት ሳምንታት በየተራው ይዞራሉ። ከዛሬ ጀምሮ መብራት የጠፋበትን ቀን፣ የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት በሱቃችሁ የዱቤ ደብተር ጀርባ ላይ ጻፉልን፤ ሲመጡም አሳዩአቸው። ምክር ቤት የገባን እንደሆነ ለሚመለከተው ሚኒስትር የምናቀርበው የመጀመሪያው ጥያቄ ከእነዚያ ደብተሮች የሚነበብ ነው፤ ተራው፣ ቀኑና ሰዓቱ ተጠቅሶ።