ጽዋው ከደጃፋችን ይውጣ

ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረሱ ላይ ሆኖ በጦር የሚወጋውን ንጉሥ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕላት የማያውቀው ሰው የለም። ከሐዲው የሮም ንጉሥ ዑልያኖስ ነው። አሟሟቱን ስንሰማ አድገናል፤ በስሙ የቆየውን ደብዳቤ ግን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። በ362 እ.ኤ.አ. ገደማ የጣዖታቱን አምልኮ መልሶ ለማቋቋም ሲደክም፣ በገላትያ ለሚገኘው የጣዖት ካህናት አለቃ አንድ መሪር እሮሮ ጻፈ። ክርስቲያኖቹ ከራሳቸው ድኾች አልፈው የእኛንም ይመግባሉ፤ የእኛ ሰዎች ግን ከወገናቸው እርዳታ አያገኙም አለ። በየከተማው የእንግዳ ማረፊያ እንዲሠራ፣ እህልና ወይን ለችግረኛ እንዲከፋፈልም አዘዘ። ክርስትናን ሊያጠፋ የተነሣ ንጉሥ ክርስቲያኖችን ካልመሰልኩ አላሸንፍም ብሎ ደመደመ ማለት ነው።

ዛሬ እኛን የሚጠላ ሰው ደብዳቤ ቢጽፍ ስለ እኛ እንዲህ ያለ ነገር ለመጻፍ ይገደዳል?

ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ በ368 እና በ369 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ የቀጰዶቅያዋን ቂሳርያ ረኃብ መታት። በስሙ የተሰየመውን ቅዳሴ የምናስቀድስለት ቅዱስ ባስልዮስ ባለጠጎች ጎተራቸውን እንዲከፍቱ ያለ ፍርሃት ሰበከ፤ የተራቡትንም ሰብስቦ አበላ። ኋላም ከከተማዋ ውጭ ለድኾች፣ ለሕሙማንና ለመንገደኞች መጠለያ የሚሆን ሠፈር አሠራ። ሰው የሸሻቸው ለምጻሞችም በዚያ ቦታ አገኙ።

ሩቅ ነው የሚል ካለ ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1972 ዓ.ም. አካባቢ ወይዘሮ አበበች ጎበና ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወደ ወሎ ተጓዙ። ረኃብ ነበር። በእጃቸው የነበረው አንድ ዳቦና አምስት ሊትር ያህል ጠበል ነው፤ እሱን አካፈሉ። ከሞተች እናቱ አጠገብ የቀረ ሕፃን አይተው ማለፍ አልቻሉም። ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ በዓመቱ የልጆቹ ቁጥር 21 ደረሰ። ባላቸው ይህን ስላልተቀበሉ ትዳራቸው ፈረሰ፤ ከልጆቹ ጋር ከቤታቸው ወጥተው ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥ አሳደጓቸው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና ሕመም ሲያርፉ፣ እዳዬ ብለው የሚጠሯቸው ልጆች ቁጥር ስፍር አልነበረውም። የተሳለሙት ታቦት፣ የያዙት ዳቦ፣ የቀዱት ጠበል ሁሉ ከእኛ የተለየ አልነበረም። እንደ እሳቸው ግሸንን ተሳልመን የምንመለሰው ስንቶች ነን!

ነገሩን በአንዲት ጀግና ሴት ላይ ብቻ ጥለን ማመስገን ግን ቀላል መውጫ ነው። እኔ የምጠይቀው ከጎናቸው አንድ ጽዋ ማኅበር ሙሉ ቢቆም ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ነው። ጌታችን በተራራው ስብከቱ የጨውነትንና የብርሃንነትን አደራ የሰጠው ለደቀ መዛሙርቱ በአንድነት ነው፤ ለብቻው እንዲሸከመው ለአንድ ሰው አልሰጠውም።

እኛ ደግሞ ማኅበር አላጣንም። በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ27 የመድኃኔ ዓለም ማኅበር አለን። ማኅበሩን የሚመራ ሙሴ አለን፤ ተረኛ አለን፤ የመዋጮ ደብተር አለን። የቀረ ሰው ለምን ቀረህ ተብሎ ይጠየቃል፤ የታመመ ይጎበኛል። ብዙ አገሮች በገንዘብ ሊገዙት የማይችሉት መተማመን በየሳሎናችን ተቀምጧል። አባቶቻችን ዝክር ሲዘክሩ ነዳያን ከደጅ አይመለሱም ነበር፤ ድግሱም ያለ እነሱ ዝክር አይባልም ነበር። አሁን ግን በብዙ ቦታ ድግሱ የእርስ በርስ ፉክክር ሆኗል። ባለፈው ወር ተረኛዋ ሦስት ዓይነት ወጥ ካቀረበች የዚህ ወሯ አምስት ካላቀረበች ታፍራለች። ዕቃ ይከራያሉ፣ ይበደራሉ። አቅም ያጣችው እኅት ደግሞ ተራዋ ሳይደርስ በሰበብ ከማኅበሩ ትወጣለች፤ ድህነቷን የሚያግዛት ማኅበር ድህነቷን የሚያጋልጥባት ሆነ። ይህ ያሳዝነኛል፤ መቆምም አለበት።

ስለዚህ ጥሪዬ ይኸው ነው። እያንዳንዱ ጽዋ ማኅበር፣ እያንዳንዱ የሰንበት ትምህርት ቤት ክፍል፣ እያንዳንዱ የመዘምራንና የቤት ለቤት የጸሎት ኅብረት፣ ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ወንጌላዊውም፣ በእግር ከሚደረስበት ቦታ አንድ ቤት ይያዝ። ጧሪ ያጣች እናት ትሁን፤ ታላቅ እኅት የምታሳድጋቸው ወላጅ አልባ ልጆች ይሁኑ፤ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ የወደቀ የአእምሮ ሕመምተኛ ይሁን። ሃይማኖቱን አትጠይቁ፤ ሙስሊም ጎረቤታችን ከሆነም ደስ ይበላችሁ። ድግሱን በግማሽ ቀንሱና ግማሹን ለዚያ ቤት አድርጉ። ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው መመላለሱ ነውና በደብተሩ ላይ የጉብኝት ተራም ይጻፍ። ምን እንደሚያስፈልጋቸው ራሳቸውን ጠይቋቸው፤ ከመጠየቃችሁ በፊት ዘይትና ዱቄት ተሸክማችሁ አትሂዱ። ፎቶ አታንሷቸው።

ሌላም አለ፤ እሱን ካልተናገርኩ ጥሪው ጎዶሎ ነው። ሁዳዴን ጾሞ፣ ሰሙነ ሕማማት ሰግዶ፣ ማክሰኞ በቢሮው የባለጉዳይን ፋይል የሚሰውር ሰው በመካከላችን አለ። ሻይ መጠጫ ይለዋል፤ ጉቦ ነው። ከገጠር የመጣው አባት ወደ አገሩ የሚመለስበትን የትራንስፖርት ገንዘብ ነው የሚበላበት። ብቻውን እምቢ የሚል ሠራተኛ መከራውን ያያል፤ ድርሻ የሚከፋፈሉት ባልደረቦቹ ያገልሉታል፣ ከቦታው ያስነሡታል። ለዚህ ነው አንድነት የሚያስፈልገው። በአንድ መሥሪያ ቤት ያላችሁ ክርስቲያኖች ሦስትም ሁኑ አምስት ተጠራሩ፤ አንቀበልም፣ ፋይል አናዘገይም፣ እምቢ ያለውንም ብቻውን አንተውም ብላችሁ ተማማሉ። ነጋዴዎችም በሚዛኑና በበርበሬው ላይ እንዲሁ አድርጉ።

በባሕር ማዶ ያላችሁም አላችሁበት። በ2012 ዓ.ም. በቤይሩት አሠሪዎቻቸው ከነሻንጣቸው አምጥተው በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ የጣሏቸውን እኅቶች ዓለም ሁሉ አይቷል። በዱባይ፣ በሪያድ፣ በኩዌት ፓስፖርቷን አሠሪዋ የያዘባት ልጅ ዛሬም አለች። እዚያ ያለ ማኅበር ቢያንስ ስልኳ የሚነሣላትን አንድ ሰው ሊመድብላት ይችላል። በዋሽንግተንና በፍራንክፈርት ደግሞ አዲስ ለመጣው ስደተኛ የሚያስተረጉምለትና ቅጹን የሚሞላለት ይመደብ።

የሚቀጥለው የማኅበር ቀናችሁ ቀርቧል። ጽዋው ከመዞሩ በፊት ሙሴው ይህን ጉዳይ ያንሣ፤ ሙሴው ቢረሳ ከታዳሚው አንዱ ያስታውስ። የምትይዙትን ቤት በዚያው ዕለት ምረጡ፤ የመጀመሪያውን ጎብኚ ስም ጻፉ፤ ቀኑንም ቁረጡ። ሳትወስኑ እንዳትበተኑ።