መርዶ በፌስቡክ

መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሟች በምሽት ቢያርፍ እንኳ ሐዘንተኛው ሌሊቱን እንዲተኛ ይተዋል። ሲነጋጋ፣ ለሥራ ከመውጣቱ በፊት፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ደጁን ያንኳኳል። የሚያረዳው ሰው አስቀድሞ ይመረጣል፤ ብዙ ጊዜ ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት ነው። ነፍሰ ጡር ወይም ልበ ደካማ ካለች አጠገቧ የሚሆን ሰው ይመደባል። በአዲስ አበባ ሰፈሮች የእድሩ ጡሩምባ ነፊ እንኳ የሚነፋው ሲታዘዝ ነው።

ሥርዓቱ ከስደተኛው ጋር ባሕር ተሻግሯል። በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶና በለንደን ከአገር ቤት የሚደወለው ለሐዘንተኛዋ ሳይሆን ለቅርብ ጓደኛዋ ነው። ጓደኛዋ ሌሎቹን ትጠራለች፤ የእረፍት ቀን ማለዳ ይጠበቃል፤ አንዱ ውሃ፣ አንዱ እንጀራ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ይጠይቅላታል። ጉድለት አልነበረበትም ማለት አይደለም። «ፈተና ላይ ነች»፣ «ብቻዋን ነች» እየተባለ ወራት ተደብቆባት፣ በኋላ ስትሰማ ቤተሰቧን ይቅር ማለት ያቃታት ብዙ ናት። ያም ሆኖ ወሬው ሲነገራት ስትወድቅ የሚይዛት ሰው በቤቱ ሞልቶ ነበር።

ዛሬ ያን ሁሉ ጥንቃቄ አንድ ፎቶና «ነፍስ ይማር» የሚል መስመር ያፈርሰዋል። አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ትቀድማለች። ንጋት ላይ ያረፈች እናት ወሬ ዋሽንግተን የሚገባው በመኝታ ሰዓት ነው፤ ጓደኞች ተደዋውለው ሳይጨርሱ ፎቶው ሲዞር ያድራል። ልጅ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ወይም የሆስፒታል ፈረቃ ላይ ሆና ስልኳን ስትከፍት የእናቷን መልክ ታያለች፤ ከሥሩ የማታውቃቸው ሰዎች ሁሉ ሲያጽናኗት ታነባለች። ሪያድ ወይም ቤሩት ያለችው ደግሞ የማዳሟ ማድቤት ውስጥ ቆማ ታነበዋለች። ቁጭ ብላ እንድታለቅስ የሚፈቅድላት የለም።

ወሬው እንዲህ የሚፈጥንበት ምክንያት አለ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ሰዎች የሚነጋገሩባቸውንና አስተያየት የሚሰጡባቸውን ጽሑፎች አስቀድሞ እንደሚያሳይ አስታውቋል። የሞት ወሬ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ደግሞ ለኢትዮጵያዊ ነውር ነው። ሁሉም «ነፍስ ይማር» ይጽፋል፤ እያንዳንዱ የማጽናኛ ቃልም ፎቶውን ወደ ተጨማሪ ሰው ይገፋዋል። በመጨረሻ ደግነቱ ራሱ መርዶውን ተሸክሞ ልጅቷ ዘንድ ያደርሰዋል።

የመጀመሪያውን ፎቶ የሚለጥፈው ግን ሰው ነው። የቅርብ ቤተሰብ ያን ሰዓት ለስልክ ልብ የለውም፤ ለጣፊው አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ ዘመድ ወይም የድሮ የሰፈር ልጅ ነው። ለቅሶ ላይ ቀድሞ ለመታየት መሽቀዳደም ከየት የመጣ ነው? ለቅሶ ቤት ተቀምጦ በቲክቶክ ቀጥታ እያሰራጩ የተመልካች ስጦታ መቀበልስ? ያሳደጉት ወላጆች ከዚህ ውስጥ አንዱንም አላስተማሩም። ወሬ ሰምቶ እስኪነጋ አፍን መያዝ እነርሱ የሚችሉት ነገር ነበር።

ጉዳቱ በአንድ ቤት አያበቃም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 አይኤስ ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የቀረጸውን ቪዲዮ ባሰራጨ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር ያሉ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን የለዩት ከዚያው ምስል ነው። በውጭ ያለው ሕዝብ ቁጣ እውነተኛ ነበር፤ ምስሉን ደጋግሞ ማጋራቱ ግን ገዳዮቹ የፈለጉትን መፈጸም ነበር።

መደበቅ የሚገድልበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያዊቷ የቤት ሠራተኛ ዓለም ደቻሳ ቤሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ስትጎተትና ስትደበደብ የሚያሳየው ምስል በቴሌቪዥን ባይወጣ፣ ከቀናት በኋላ ሕይወቷ ሲያልፍ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ባልተገኘ ነበር። አሠሪ የሸሸጋት ወይም አስከሬኗ ጠያቂ ያጣ ሴት ስትኖር ፎቶ ማውጣት ግዴታ ነው። እናቱን በሰላም ያጣ ቤተሰብ ጉዳይ ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ሌላው የፎቶ መንስኤ አስከሬን ወደ አገር ቤት መላኪያ ገንዘብ ነው። በጎፈንድሚ የሚለመነው በሟች ስምና መልክ ስለሆነ፣ አገር ቤት ያለች እናት ሳትረዳ የልጇ ሞት ለዓለም ይነገራል። በየከተማው ያሉ የስደተኛው እድሮች ይህን ችግር አስቀድመው ይፈቱታል፤ መዋጮው ሰው ሳይሞት ስለሚከፈል ልመናም ፎቶም አያስፈልግም። ከፌስቡክ የተሻለው የኢንተርኔት ማኅበርም እዚያው ይገኛል፦ አባላቱ በስም የሚተዋወቁበት የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ቡድን፣ መልእክት የሚያወጡት ኃላፊዎች ብቻ ሆነው፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው «ተረድታለች» ሳይል የሟች ስም የማይወጣበት። ፌስቡክም ሌሎች ስም ጠቅሰው የለጠፉት በባለቤቱ ገጽ ላይ ሳይፈቀድ እንዳይታይ የሚያደርግ ማስተካከያ አለው፤ በለጣፊው ገጽ ላይ መታየቱን ግን አያስቀረውም።

በዐረብ አገር እድር የሌላቸው ሴቶች የአገራቸው ልጆች የሚገናኙበትን ቡድን ለዚሁ ሊያውሉት ይችላሉ። የእረፍት ቀን ያላት ቀኗ እስኪደርስ ተጠብቆ ጓደኞቿ ባሉበት ትረዳለች። የእረፍት ቀን ለሌላት የምታምነው ሰው ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ ይደውልላታል፤ እስኪነጋም ስልኩን አይዘጋም።