እማማ ለምን ወደ ኩሽና ሄዱ?

ባለፈው በዓል ጮሌ አንድ ወዳጄ ቤት ነበርኩ። ሳሎኑ አዲስ ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ጂፕሰም፣ በአንድ በኩል ሰፊ መስታወት። ያምራል። ቡናው ቀርቦ ጨዋታው ሲደምቅ ግን የቤቱ አያት ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ጓሮው ኩሽና ሄዱ። «እማማ ጆሯቸው ደክሟል» አሉኝ። ተከትያቸው ገባሁ። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር ነው። በዝግታ አወራን፤ አንድም ቃል አላመለጣቸውም።

እርስዎም ሳሎንዎ መካከል ቆመው አንዴ ያጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ከተከተለ ቤትዎ ያስተጋባል ማለት ነው። ሴራሚክ፣ መስታወትና ለስላሳ ልስን የደረሳቸውን ድምፅ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይመልሳሉ። 5 በ4 ሜትር የሆነና ከፍታው 3 ሜትር የደረሰ እንዲህ ያለ ክፍል፣ ዕቃ ካልበዛበት፣ ድምፁ እስኪጠፋ 2 ሰከንድ ገደማ ሊፈጅ ይችላል። ለንግግር ግን ከ0.6 ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል፤ አሜሪካኖች ለትንንሽ መማሪያ ክፍሎች ያስቀመጡት ልክ ይኸው ነው። አለዚያ የፊተኛው ቃል ጅራት የኋለኛውን ይሸፍነዋል። የወጣት ጆሮ አጣርቶ ይሰማል፤ አረጋውያንና ሕፃናት ግን ይቸገራሉ። የሣር ክዳንና ጭድ የገባበት ሸካራ ጭቃ ድምፁን ይውጡታል፤ የእማማ ምስጢር እዚያ ነው።

ወደ ጎጆ እንመለስ አላልኩም። ከመስታወቱ ይጀምሩ፦ ከላይ እስከ ወለል የሚደርስ ወፍራም መጋረጃ፣ ጨርቁም የመስኮቱን ስፋት እጥፍ ሆኖ የተሸበሸበ። ስስ ሻሽ ለዓይን እንጂ ለጆሮ አይረዳም። የወለል ምንጣፍ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በይበልጥ የሚውጠው ቀጭን ድምፅ ስለሆነ ብቻውን አይበቃም። በመስታወቱ ትይዩ ባለው ባዶ ግድግዳ ላይ የሱፍ ስጋጃ ይስቀሉ፤ ከግድግዳው ጥቂት ሴንቲሜትር ቢርቅ የበለጠ ይሠራል። መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያም ድምፁን ይበታትናል። የእንቁላል ካርቶን የሚለጥፉ አሉ፤ ይቅርብዎ፣ ጥቅሙ ትንሽ፣ እሳት ለመያዝ ግን ፈጣን ነው። ገና እየገነቡ ከሆነ ደግሞ ኮርኒሱን ከመምረጥዎ በፊት ድምፅ የሚውጥ ዓይነት እንዳለ ባለሙያውን ይጠይቁ።

ወዳጄ መጋረጃውንና ስጋጃውን ሰቀለ። በቅርቡ ስሄድ እማማ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጠው የልጅ ልጃቸው የሚያወራውን እያቋረጡ ያርሙት ነበር።