ስሙን ወይስ ክፍያውን?

ወዳጄ አንባቢ፤ ወደ ጀርመን አገር ሄደው ምሕንድስና ለመማር ያስባሉ እንበል። ሙኒክ፥ ካርልስሩኸና አኸን ሦስቱም ስመ ጥር ናቸው። የአውቶሞቢሉ ሠሪ ካርል ቤንዝ የተማረው ካርልስሩኸ ነው፤ አኸንም በ1870 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተከፈተ ነባር ትምህርት ቤት ነው።

በክፍያ ግን አይገናኙም። ካርልስሩኸ ከ2017 ወዲህ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣውን ተማሪ በየመንፈቁ 1,500 ዩሮ ያስከፍለዋል። ሙኒክ ከ2024 ወዲህ ለመጀመሪያው ዲግሪ በየመንፈቁ 2,000 ወይም 3,000 ይጠይቃል፤ በሦስት ዓመት ከ12,000 እስከ 18,000 ዩሮ መሆኑ ነው። አኸን የሚቀበለው ጥቂት መቶ ዩሮ መዋጮ ብቻ ነው።

ይህ ገንዘብ ከአባትዎ እርሻ ወይም ከታላቅ ወንድምዎ ደመወዝ የሚወጣ ነው፤ ታናሽ እኅትዎም የምትማረው ከዚያው ነው። በሰርግ ቤት «ልጃችን ሙኒክ ነው» ለማስባል ከሆነ እጅግ ውድ ነው። (እኔም ትልቅ ስም ሲጠራ ጆሮዬ እንደሚቆም አልክድም።)

ይሁን እንጂ ርካሹንም ይመርምሩ። አኸን የመጀመሪያውን ዲግሪ በአብዛኛው የሚያስተምረው በጀርመንኛ ነው፤ ሙኒክ ግን የአየርና የጠፈር ምሕንድስናን የመሰለውን በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ቋንቋውን እዚያው ሲያጠኑ አንድ ዓመት ቢፈጅብዎስ? በ2025 አንድ ተማሪ ለቪዛ ሲል ለዓመት ኑሮው በባንክ እንዲያስይዝ የሚጠየቀው 11,904 ዩሮ ነበር። የሙኒክን ክፍያ አተረፍሁ ያሉት አብዛኛው በዚያ አለቀ ማለት ነው።

ስለዚህ አኸንን ከመረጡ ጀርመንኛውን እዚሁ ይጀምሩት። በአዲስ አበባ የጎተ ኢንስቲትዩት አለ፤ ከቢሮ መልስ ማታ ማታ ማጥናትም ይቻላል።