ወርቅ የሌለው ሰም

ፋሲካም አለፈ፥ መስቀልም ሄደና፤
የሚጠበቀው ግን አልደረሰም ገና።

ይህች ስንኝ ለዚህ ጽሑፍ ተብላ የተቋጠረች ናት። ቅኔ ቤት ብትገባ የኔታ ፊት አትቆምም፤ ለጀማሪ መለማመጃ ግን ትሆናለች። «ገና» ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፤ ፋሲካና መስቀል አልፈው የገና ቀን አልደረሰም ማለት ነው። ላልቶ ሲነበብ ደግሞ «እስካሁን» ይሆናል፤ ሰው በጉጉት የሚጠብቀው ነገር፣ ሰላም በሉት ሌላ፣ እስካሁን አልመጣም። በዓሉ ሰም ነው፤ ጉጉቱ ወርቅ። ሁለቱን የያዘችው አንዲት ቃል ኅብር ትባላለች።

ልብ በሉ፤ አንባቢው ወርቁን ካገኘው በኋላ አይጠራጠርም። «ምናልባት ይህን ለማለት ይሆናል» አይልም። ቁልፉ እዚያው ስንኙ ውስጥ ተቀምጧል።

ይህን መናገር ያስፈለገው ዛሬ «ቅኔ ነው» የሚለው ቃል ለማንኛውም ግልጽ ያልሆነ ንግግር ማምለጫ ስለሆነ ነው። ባለሥልጣኑ ሁለት የሚጋጭ ነገር ይናገርና ደጋፊዎቹ «ቅኔ ነው የተናገረው» ይላሉ። ፌስቡክ ላይ አንዱ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ጽፎ፣ ሦስት ነጥብ አድርጎ፣ «የገባው ይግባው» ብሎ ይሄዳል። ሲጠየቅም «እንደዚያ አላልኩም» ለማለት በር ከፍቶ ነው የሄደው። ይህ ቅኔ አይደለም። ሰም ብቻ ነው።

የቅኔ ቤት ጀማሪ የሚማረው ተቃራኒውን ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥም ይሁን ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወስደው ደጋ፣ ዳዊቱን ጨርሶ ቅኔ የሚጀምር ተማሪ የግእዙን ግስና ርባታ ይዞ በጉባኤ ቃና ይጀምራል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው። ከዚያ ሦስት ቤት ወዳላቸው ወደ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ ያልፋል፤ ዋዜማ አምስት ነው፣ ሥላሴ ስድስት፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ይደርሳል። መጀመሪያ ላይ ምሥጢር አይጠየቅም፤ ልኩና ዜማው ከተስተካከለ ይበቃል። ጭንቁ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ያኔ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ከጎጆው ራቅ ይልና ዛፍ ሥር ብቻውን ይቀመጣል። ቅኔ መቁጠር ይሉታል። የቆጠረውን ይዞ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል። ሰሙ ወርቁን ካልተሸከመ፣ አንድ ቃል ያለ ሥራ ከተቀመጠ፣ ቅኔው ይፈርስና እንደገና ይቆጠራል። መምህሩም የራሱን አዲስ ቅኔ ይዘርፋል፤ ምሥጢሩንም ይፈታል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ስለዚህ ሸምድዶ ማለፍ የለም።

ለፈቺው ደግሞ ሌላ እርዳታ አለው፤ ቀኑ። ቅኔ ከበዓሉ አይለይም። በሚካኤል ቀን የተዘረፈ ከሆነ ወርቁ ወደ ሚካኤል እንደሚያመራ አስቀድሞ ይታወቃል፤ የሚቀረው በየት በኩል እንደሚሄድ ማየት ነው። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቀኑን ይረሱና በየቃሉ ሥር ወርቅ ይቆፍራሉ፣ የሌለውንም ያወጣሉ። የበሰለው ሰሚ ግን ማኅሌት ላይ ቆሞ ሲሰማ የመጨረሻዋ ቃል እንዳለቀች «ይበል!» ይላል። ያ ጩኸት አድናቆት ብቻ አይደለም፤ «ፈትቼዋለሁ» ማለትም ነው።

እንግሊዞች ለዚህ ቅርብ የሆነ ጨዋታ አላቸው፤ ፍንጮቹ ሰምና ወርቅ ያላቸው የመስቀለኛ ቃላት እንቆቅልሽ። በ1926 እ.ኤ.አ. ኦብዘርቨር ጋዜጣ ላይ ቶርኬማዳ በሚል የብዕር ስም መውጣት ጀመረ። እሱን የተካው ዚሜነስ በ1966 እ.ኤ.አ. ሕጉን በመጽሐፍ አስቀመጠው፤ አዘጋጁ ፈቺውን ማሳሳት ይችላል፣ ማጭበርበር ግን አይችልም፤ መልሱ ሲገኝ እያንዳንዱ ቃል ሥራ እንደነበረው መታየት አለበት። አንድ የቅኔ መምህር ይህን ቢሰማ የሚደነቅ አይመስልም።

የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበረው አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» መጽሐፉ የአማራው ድርብ አነጋገር ለባህላዊው ኑሮ ቢጠቅምም ግልጽና ቁርጥ ያለ ንግግር ከሚሻው ዘመናዊ አሠራር ጋር እንደሚጋጭ ተከራክሯል። ስለ ቢሮውና ስለ ፖለቲካው ያየው እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጥፋቱ የቅኔ አልነበረም። ቅኔ ቤት ሰውን አድበስብሶ እንዲናገር አያስተምርም፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ በትክክል እንዲናገር ያስተምራል፤ ይህም አንዱን ከመናገር የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የአለቃ ገብረ ሐና ቀልድ እስከ ዛሬ የሚያስቀው ሰሚው ወዲያው ስለሚፈታው ነው። (የእሳቸው ያልሆነ ስንት ቀልድ በስማቸው እንደሚነገር ሌላ ጉዳይ ነው።)

አሁን የሚያሳስበው መማሪያው ነው። ድርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት ነደዱ። ትምህርቱ ግን በመምህራን አእምሮና በተማሪዎች እግር ላይ ስለነበር ተረፈ። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው፣ ከጎንደር ወደ ጎጃም ወይም ወደ ዋድላ ይሄዳል፤ የሚበላውም ከየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የሚያገኘውን ነው። እንግዲህ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ነው። መንገድ ሲዘጋ፣ ገበሬው ለራሱም ሲቸግረው፣ አገር አቋርጦ የሚጓዝ የማይታወቅ ጎረምሳም በጥርጣሬ ዓይን ሲታይ፣ መጽሐፍ ከማቃጠል ይልቅ ይህን ትምህርት የሚጎዳው ይህ ነው።

ቅኔ ይቀዳል፣ ይታተማል፤ ጥሩ ነው። አፈታቱ ካልተቀዳ ግን መልሱ የጠፋበት እንቆቅልሽ ነው የሚቀረው። ጎጃም ጽላሎ ያስተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የያዙት ጥበብ በብራና ላይ አልነበረም፤ በጉባኤያቸው በቃል ይፈስ ነበር። ዛሬ ስልክ በየተማሪው እጅ እየገባ ነው። የኔታ ሲፈቱ መቅዳት ከባድ ወጪ አይጠይቅም፤ ፈቃዳቸውን መጠየቅ ብቻ ነው።

ለሌላውም ሰው መንገድ አለ። አንድ ጋዜጣ፣ ሬዲዮ ወይም እንዲህ ያለ ቻናል በየእሑዱ አንድ ጉባኤ ቃና ከነትርጉሙና ከበዓሉ ስም ጋር ያውጣ፤ ወርቁን ግን ይደብቅ። አንባቢ ሳምንቱን ሙሉ ይታገል። መልሱ በሚቀጥለው እሑድ፣ ከመምህሩ ማብራሪያ ጋር ይውጣ።